በአንድ ቤት ላሉ ብዙ ስክሪኖች የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ እንዴት ይመረጣል?

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ፀሐይ ጠልቃ ቁሩ መውረድ ሲጀምር፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጁን ደጅ የሚያቆይ ወላጅ የለም። በር ይዘጋል፤ ልጆቹም ቤት ውስጥ ካለው ስክሪን ጋር ይቀራሉ። ክረምት ላይም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ሲበረታ ነገሩ ያው ነው። እኔ የኮምፒውተር መምህር ስለሆንሁ ጎረቤቶቼና የተማሪዎቼ ወላጆች ስልካቸውን ይዘው እየመጡ «ልጆቹን የሚቆጣጠር ጥሩ አፕ ጫንልን» ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከመተግበሪያው ስም አይጀምርም፤ ቤት ውስጥ ስንት ስክሪን እንዳለና እያንዳንዱን ስክሪን ስንት ሰው እንደሚይዘው ከማወቅ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስክሪኖቹንና እጆቹን ይቁጠሩ

አንድ ወረቀት ይያዙና በቤትዎ ያለውን ስክሪን ያለው ዕቃ ሁሉ ይመዝግቡ። ከእያንዳንዱ ጎን ዓይነቱን፣ ማን ማን እንደሚጠቀምበትና ኢንተርኔት የሚያገኘው በዋይፋይ ይሁን በሲም ካርድ ያስፍሩ። የእኔን ቤት ወረቀት ላሳይ። የባለቤቴ ቴክኖ ስልክ አለ፤ እርሷም፣ የአሥር ዓመቷ ልጃችንም፣ የአራት ዓመቱ ትንሹም ይይዙታል። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ያገለገለ ሳምሰንግ ስልክ አለው። አክስታቸው ከውጭ የላከችው አይፓድ የሁሉም ነው። ዊንዶውስ የተጫነበት ላፕቶፕ አለ፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከዲሽ ጋር የተያያዘ ቴሌቪዥን አለ። አምስት ስክሪኖችና አራት ዓይነት አሠራሮች ማለት ነው፤ አንድ መተግበሪያ ብቻውን እነዚህን ሁሉ እንደማያዳርስ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

በእኛ አካባቢ ትልቁ እንቅፋት የጋራ ስልክ ነው። መተግበሪያዎቹን የሚሠሩት ኩባንያዎች እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስልክ አለው ብለው ይነሣሉ፤ እኔ በማውቃቸው አብዛኞቹ ቤቶች ግን አንድ ስልክ በብዙ እጅ ይዞራል። ለምሳሌ ጎግል ፋሚሊ ሊንክ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት ሲከፍት፣ ስልኩ ላይ ያሉት የአዋቂዎች አካውንቶች እንዲወጡና ስልኩ የልጁ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋል። አንዲት እናት ስልካቸውን ባለሙያ ነኝ ላለ ሰው ሰጥተው በልጃቸው ስም አስከፍተውት ነበር። ገበያ ላይ ቆመው የገዙትን ሊከፍሉ ሲሉ የዕለቱ ሰዓት አልቋል ተብሎ የሞባይል ገንዘባቸው አልከፈትም አላቸው። ሰዓቱን የጨረሰው ጠዋት ካርቱን ሲያይ የነበረው ልጅ ነው፤ የተቆለፈባቸው ግን እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ስልኩ የእርስዎ ከሆነና ልጁ አልፎ አልፎ የሚዋሰው ከሆነ፣ የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ ጨርሶ አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎት አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ያለ አንድ አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ስልኩን በአንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ ቸንክሮ ማስቀመጥ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ከፍተው «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚለውን ያብሩ፤ ሲወጣ ፒን ኮድ ይጠይቅ የሚለውንም አብረው ያብሩት። ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያየውን ነገር ይክፈቱ፤ በቅርቡ የተከፈቱት መተግበሪያዎች የሚታዩበትን ገጽ ጠርተው የመተግበሪያውን ምልክት ሲነኩ «ፒን» የሚል ይመጣል። ያንን ሲጫኑ ትንሹ ልጅ ከካርቱኑ ወጥቶ ወደ ፎቶዎ፣ ወደ መልእክትዎ ወይም ወደ ገንዘብዎ መሄድ አይችልም። በአይፎንና በአይፓድ ይኸው አገልግሎት «ጋይድድ አክሰስ» ይባላል፤ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር ይገኛል፤ የጎኑን ወይም የታችኛውን ቁልፍ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በመጫን ይጀመራል፤ የደቂቃ ገደብም አብሮት አለ። ለአራት ዓመቱ ልጄ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ሌላው መንገድ በአንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሁለተኛ ተጠቃሚ መክፈት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም ከሚለው ሥር «መልቲፕል ዩዘርስ» የሚል ካለ ይቻላል። የሳምሰንግ ታብሌቶች ይህ ሲኖራቸው ስልኮቹ የላቸውም፤ በርካታ ርካሽ ስልኮችም አያቀርቡትም፤ ስለዚህ ተስፋ ከማድረግዎ በፊት ገብተው ይመልከቱ። ሳምሰንግ ለዚህ ምትክ የሚሆን ሳምሰንግ ኪድስ የሚባል የልጆች ገጽ አለው።

ደቂቃዎቹ በመሣሪያዎች መካከል ይደመራሉ?

የራሱ መሣሪያ ላለው ልጅ መተግበሪያ ሲመርጡ ከማናቸውም ነገር አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ይህንን ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ብለው ሲወስኑ፣ ልጁ በሁሉም ስክሪን ላይ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ማለትዎ ነው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ግን እንዲህ አይረዱም። ፋሚሊ ሊንክ የዕለት ገደብን የሚያስረው በየመሣሪያው ነው፤ ልጁ ስልክና ታብሌት ካለው ሁለቱ ሰዓት አራት ይሆናል። የማይክሮሶፍቱ ፋሚሊ ሴፍቲ በዊንዶውስ ኮምፒውተርና ኤክስቦክስ በሚባለው የጨዋታ መሣሪያ መካከል አንድ የጋራ ሰሌዳ ማድረግ ያስችላል፤ ይህም ምርጫ ስለሆነ እርስዎ ካላበሩት አይሠራም። የአፕል ስክሪን ታይም ደግሞ በአንድ አካውንት የተከፈቱ አይፎን፣ አይፓድና ማክ ላይ ያለውን አጠቃቀም አንድ ላይ ይቆጥራል፤ እርሱም «ሼር አክሮስ ዲቫይስስ» የሚለው ሲበራ ነው።

አንድሮይዱን፣ አይፓዱንና ላፕቶፑን ከአንድ ቦታ ለመቆጣጠር የሚፈልግ ሰው እንደ ኩስቶዲዮና ኖርተን ፋሚሊ ያሉ፣ ከስልኩና ከኮምፒውተሩ አምራች ውጭ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸውን መመልከት አለበት። እነዚህ የተለያዩ አሠራሮች ላይ ተጭነው ሁሉንም ከአንድ ገጽ ማስተዳደር ያስችላሉ። ሆኖም በሁለት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። ኖርተን ፋሚሊ በማክ ኮምፒውተር ላይ እንደማይሠራ ሁሉ እያንዳንዳቸው የማይደርሱበት ቦታ ስላለ፣ የሚደግፏቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ። ሁለተኛ፣ አፕል ለሌሎች ኩባንያዎች የሚሰጠው ሥልጣን ጠባብ በመሆኑ፣ ይኸው መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ የሚያደርገውን ያህል አይፎን ላይ አያደርግም፤ አንዱን ዋጋ ከፍለው ግማሽ አገልግሎት እንዳይገዙ።

ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ቤት እኔ የያዝሁት መፍትሔ ቀላል ሒሳብ ነው። መተግበሪያው የማይደምርልኝን እኔው ቀንሼ እሰጣለሁ። ለትልቁ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ከተስማማን በኋላ ስልኩ ላይ አንድ ሰዓት፣ አይፓዱ ላይ አርባ ደቂቃ፣ ላፕቶፑ ላይ ሃያ ደቂቃ አስሬዋለሁ። የቤት ሥራ በላፕቶፕ ሲኖረው ተጨማሪ ደቂቃ ይጠይቃል፤ እሰጠዋለሁ። ፋሚሊ ሊንክም ቢሆን ለዚያው ቀን ብቻ የሚሆን ትርፍ ሰዓት መጨመር ያስችላል።

ከመሣሪያው ጋር የሚሄደውን መምረጥ

ቤትዎ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድሮይድ ከሆነ በፋሚሊ ሊንክ ይጀምሩ። ነፃ ነው፤ ወላጁ አንድሮይድም አይፎንም ቢይዝ ከስልኩ ያስተዳድረዋል፤ የልጁ ስልክ ግን አንድሮይድ መሆን አለበት። የዕለት ሰዓት፣ የመኝታ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የተለየ ገደብና ልጁ አዲስ መተግበሪያ ከፕሌይስቶር ሲያወርድ የእርስዎን ፈቃድ መጠየቅን ይዟል። የልጁ ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ ሊከፈትለት ቢያስፈልግ ወላጁ ስልክ ላይ የሚወጣ የወላጅ ኮድ ስላለው፣ ኔትወርክ እየሄደ በሚመጣበት ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ ይመቻል። በአንጻሩ እርስዎ ዛሬ የቀየሩት ገደብ የልጁ ስልክ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ እንደማይደርሰው ይወቁ፤ ልጁ ዳታውን አጥፍቶ ከተቀመጠ የሚሠራው የትናንቱ ነው። ፕሌይስቶር የሌላቸው ስልኮችና ታብሌቶች ላይ ፋሚሊ ሊንክ አይሆንም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው የአማዞን ፋየር ታብሌት ከእነዚህ አንዱ ነው፤ እርሱ የራሱ የአማዞን የወላጅ ገጽ አለው።

ከውጭ የመጣ አይፓድ ወይም አይፎን ላለው ቤት ሌላ መተግበሪያ መፈለግ አያስፈልግም፤ ስክሪን ታይም ከ2018 ጀምሮ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይመጣል። ወላጁም አይፎን ካለው በፋሚሊ ሼሪንግ ልጆቹን ጨምሮ እስከ ስድስት ሰው አንድ ላይ አድርጎ ከሩቅ ሊያስተዳድር ይችላል። እንደ እኛ ቤት ሌላ የአፕል ዕቃ ከሌለ ግን አይፓዱ ላይ ራሱ ገብተው ባለ አራት አኃዝ የስክሪን ታይም ኮድ ያበጃሉ። ከዚያ በፊት አይፓዱ በማን አካውንት እንደተከፈተ ያረጋግጡ። የላከው ሰው አካውንት ከላዩ ካልወጣ ኮዱን ሲረሱ ማስመለሻው እርሱ ዘንድ ይሆናል፤ ዕቃው ተጸድቶ እንደ አዲስ ሲከፈትም ሊቆለፍ ይችላል። ስልክ ደውለው አካውንቱን እንዲያወጣ ይጠይቁት።

ላፕቶፕን በተመለከተ ሥራው የሚጀምረው ለልጁ በዊንዶውስ ላይ የራሱ የሆነ፣ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ በመክፈት ነው። ልጁ የእርስዎን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ከሆነ የትኛውም መተግበሪያ ዋጋ የለውም። የፋሚሊ ሴፍቲ የድረ ገጽ ማጣሪያ የሚሠራው ኤጅ በሚባለው የማይክሮሶፍት ማሰሻ (ብራውዘር) ውስጥ ስለሆነ ክሮም ወይም ሌላ ማሰሻ ካለ መዘጋቱን ይመልከቱ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ልጅ ባይነካው ይሻላል፤ ይህን የምለው ሁለት ጊዜ ከፈተና ወረቀቶች አጠገብ የእንስሳት ሥዕል ተቀምጦ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ስለ ሰዓትና ስለ ዘመን አቆጣጠር

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች የማይነግሩን ግን ብዙ ወላጅ የሚሳሳትበት ነገር ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። መተግበሪያዎቹ የሚያውቁት የፈረንጅን ሰዓት ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ የመኝታ ሰዓት ሳስገባ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲቆለፍ አስቤ «ከ3:00 እስከ 12:00» ብዬ ጻፍሁ። ስልኩ የቆለፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነበር። ልጁ እኩለ ሌሊት አልፎ ሲያይ ከረመ፤ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ አልከፍት ሲለው ግን ተበላሸ ብሎ ይዞልኝ መጣ። ትክክለኛው አገባብ ስድስት ሰዓት ጨምሮ ወይም ቀንሶ መጻፍ ነው፦ የምሽቱ 3 ሰዓት 21:00፣ የጠዋቱ 12 ሰዓት 6:00፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት 16:00 ይሆናል። መተግበሪያው በጠዋትና በማታ የሚከፍል ከሆነ ሴቭ ከማድረግዎ በፊት ምልክቱን ደግመው ያንብቡ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ቀዳዳ አለ። በእኛ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ በብዙዎቹ መተግበሪያዎች ዘንድ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የዕለት ገደብ ብቻ አስረው የመኝታ ሰዓት ካላስገቡ፣ ነቅቶ የጠበቀ ልጅ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ የነገውን ሁለት ሰዓት ይጀምረዋል። ስለዚህ የዕለት ገደብና የመኝታ ሰዓት ሁልጊዜ አብረው ይግቡ፤ መኝታ ሰዓት የማይሰጥ መተግበሪያ ከሆነ ይለፉት።

የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው። የልጅ አካውንት ሲከፈት የሚጠየቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጥር 2008 የተወለደ ልጅ መግባት ያለበት በ2016 ሆኖ ሳለ ወላጁ 2008 ብሎ ከጻፈ፣ ልጁ በስምንት ዓመት ያድጋል፤ አሥር ዓመት የሞላውን ልጅ ጎግል የአሥራ ስምንት ዓመት ሰው አድርጎ ይወስደዋል፤ የልጆች ጥበቃ የሚባለው ሁሉ ከላዩ ይነሣል። ባብዛኛው ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት ዓመት ይጨምሩ። እኔ ዘንድ «አፑ አይሠራም» ተብለው ከሚመጡት ስልኮች ውስጥ ብዙዎቹ ያላቸው ችግር ይኸው ነው። ልጁ ከ13 ዓመት በላይ ከሆነና አስቀድሞ የራሱ አካውንት ካለው፣ ቁጥጥሩ የሚጨመረው በእርሱ ፈቃድና በእርሱ የይለፍ ቃል ነው።

ስንት ሰዓት ይሁን ለሚለው የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ስክሪን እንደማይመከር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል ገልጿል። ከዚያ በላይ ላሉት ድርጅቱ ቁጥር አላስቀመጠም፤ እንዲቀነስ ብቻ ይመክራል። በፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀን ቤት ስለሚውል፣ ለእንዲህ ያለው ልጅ ከደቂቃው ብዛት ይልቅ የሚፈቀድበትን ክፍለ ጊዜ መወሰን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ለምሳሌ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ ምሳ ከበላና የቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ከ10 እስከ 12 ሰዓት።

ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፍላሽ

መምህራን የቤት ሥራና የፈተና ፕሮግራም በቴሌግራም ግሩፕ ይልካሉ፤ ፊልሙና የማይሆነውም ነገር በዚያው በቴሌግራም ይመጣል። የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያዎች ስለ ቴሌግራም ማድረግ የሚችሉት መዝጋት ወይም በሰዓት መገደብ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ግሩፕ ፈቅደው ሌላውን ቻናል የሚከለክሉ አይደሉም። ስለዚህ ለትንንሾቹ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ በወላጅ ስልክ ላይ ይሁንና ፋይሉ ወርዶ ይሰጣቸው። ለትልቁ ልጅ ቴሌግራምን በቀን ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ መገደብ ይበቃል፤ ለቤት ሥራው አያንስም፤ ለፊልም ግን አይበቃም።

ቲክቶክ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ላልሞላ ልጆች አካውንት አይፈቅድም። ከዚያ በላይ ላሉት «ፋሚሊ ፔሪንግ» የሚባል የራሱ ማስተሳሰሪያ ከ2020 ጀምሮ አለው፤ ወላጁም የራሱ የቲክቶክ አካውንት እንዲኖረው ስለሚፈልግ ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይተወዋል።

ኢንተርኔት የማያስፈልገው ደግሞ አለ። በሚሞሪና በፍላሽ ከፊልም ቤት የተገለበጠ፣ ወይም ከጓደኛ ስልክ በብሉቱዝ የተላለፈ ቪዲዮ በየትኛውም የድረ ገጽ ማጣሪያ ውስጥ አያልፍም። የሰዓት ገደብ ግን ይይዘዋል፤ ስልኩ ሲቆለፍ ፍላሹም አብሮ ይቆለፋልና። ስለዚህ በማጣሪያ ጥራትና በሰዓት ገደብ ጥራት መካከል መምረጥ ካለብዎ በእኛ አካባቢ ሁኔታ የኋለኛውን ይምረጡ። ማጣሪያዎቹን ለመመዘን ደግሞ አንድ የማይሆን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ በፊደላችን፣ ከዚያም በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ራስዎ ይፈልጉበትና የሚያልፈውንና የሚያስቀረውን ይመልከቱ።

ዋጋ፣ ፈቃድና ድብቅ ክትትል

የሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች በዓመት በዶላር ይጠይቃሉ፤ ነፃው ደረጃቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመሣሪያ ቁጥር ወይም በአገልግሎት የተወሰነ ነው። ለውጭ ግዢ የሚሆን ካርድ የሌለው ሰው በነፃዎቹ ተነሥቶ የጎደለውን በሒሳብ መሙላቱ ያዋጣል። ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልልዎት ካደረጉ፣ በየዓመቱ ራሱ የሚታደስ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት።

መተግበሪያው ሲጫን በርካታ ፈቃድ ይጠይቃል። የአጠቃቀም መረጃን ለማየት፣ ከሌሎች መተግበሪያዎች በላይ ለመታየት፣ የመሣሪያው አስተዳዳሪ ለመሆን፣ አንዳንዴም በቪፒኤን መልክ ኢንተርኔቱን በራሱ በኩል ለማሳለፍ ይጠይቃል። እነዚህ ሁሉ ለዚህ ሥራ የግድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም እነዚህኑ ፈቃዶች የሚጠይቅ የስለላ መተግበሪያም ስላለ፣ ከፕሌይስቶር ውጭ በቴሌግራም የተላከ ፋይል ፈጽሞ አይጫኑ። «ልጁ ሳያውቅ መልእክቱን ሁሉ ያንብቡ» የሚል ማስታወቂያ ያለውን እኔ አላስገባም። የልጁ መልእክት የጓደኛውም መልእክት ነው፤ የሚቀመጠውም በማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ብታወጣም፣ አንድ ጊዜ የወጣ የልጅ መረጃ መልሶ አይሰበሰብም። ልጁ የሚያውቀው፣ ስልኩም ላይ በግልጽ የሚታይ መተግበሪያ ይምረጡ።

አንድ የተሠወረ እንቅፋት አለ፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ይገድሉታል። ገደቡ ሁለት ቀን ሠርቶ በሦስተኛው ቀን ከጠፋ፣ ባትሪ ከሚለው ሥር ገብተው ለመቆጣጠሪያው መተግበሪያ ያለ ገደብ እንዲሠራ ይፍቀዱለት።

ለልጁ ሰጥቶ መፈተን

መተግበሪያው ከተጫነ በኋላ ዝም ብለው አይመኑት። የዕለት ገደቡን አሥራ አምስት ደቂቃ ያድርጉና ስልኩን ለልጁ ሰጥተው አጠገቡ ይቀመጡ። ሰዓቱ ሲያልቅ የሚከተሉትን አንድ በአንድ አብረው ይሞክሩ፦ የስልኩን ሰዓትና ቀን ወደ ኋላ መመለስ፣ የተዘጋውን ቪዲዮ በማሰሻ በኩል መክፈት፣ በሌላ መተግበሪያ ውስጥ ያለ ሊንክ ነክቶ መግባት፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ መተግበሪያውን ማራገፍ። የተገኘው ቀዳዳ የሚደፈን ከሆነ ይድፈኑት፤ የማይደፈን ከሆነ ሌላ መተግበሪያ ይሞክሩ።

እኔ ትልቁን ልጄን «ይህ ስልክ ሲቆለፍ መውጫ ፈልግ፤ ግማሽ ሰዓት ሰጥቼሃለሁ» ብዬ ነበር የተቀመጥሁት። ሰዓት ይቀይራል፣ ቪፒኤን ይጭናል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳምሰንጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከእኅቱ እጅ አይፓዱን ወሰደ። ወረቀቴን እንደገና ያወጣሁትና ደቂቃዎቹን በየመሣሪያው የከፋፈልሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ዋይፋይና ቴሌቪዥን

ቤትዎ የመስመር ኢንተርኔት ካለው ራውተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ማድረግ ይቻላል። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው አድራሻና የይለፍ ቃል ገብተው ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ያስገቡ። ይህ ክላውድፍሌር በ2020 ለቤተሰብ በነፃ ያቀረበው አገልግሎት ሲሆን የብልግናና የጎጂ ገጾችን በዋይፋዩ ላይ ላለ መሣሪያ ሁሉ ይዘጋል። ሰዓት አይቆጥርም፤ ልጁ ወደ ሲም ካርድ ዳታ ወይም ወደ ጎረቤት ሆትስፖት ሲሻገርም አብሮት አይሄድም።

ለዲሽ ቴሌቪዥን አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ቻናል በኮድ የሚቆልፉበት ቦታ አላቸው፤ ከፋብሪካ የመጣውን 0000 ወይም 1234 ሳይቀይሩ መቆለፍ ግን አለመቆለፍ ነው። የቴሌቪዥኑን ሰዓት የሚደምር መተግበሪያ እኛ ቤት የለም፤ ሪሞቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ክረምት ላይ ልጆቹ መንዝ አያታቸው ዘንድ ሲሄዱም የአጎታቸውን ስልክ የሚገድበው አያትየዋ ናቸው፤ በዚያ በኩል ምንም ልጭን አልሞከርሁም።

በመጨረሻ ስልኩ ለታናሽ ሲተላለፍ ወይም ሲሸጥ፣ ከማጽዳትዎ በፊት የልጁን አካውንት ከሴቲንግ ውስጥ ያውጡ። አካውንቱ ሳይወጣ የተጸዳ አንድሮይድ ስልክ ሲከፈት የቀድሞውን አካውንት ሊጠይቅ ይችላል፤ አይፓድም እንዲሁ። ይህን የዘለለ ሰው፣ ስልኩን የገዛው ሰው ይዞት ተመልሶ ደጁ ሲቆም ያገኘዋል።